ቤቱ ተይዟል

«አሁን የሚኖሩት የትኛው መንገድ ላይ ነው?» ሲል ሰማችው ኤርላይን፣ ወንድሟን ዴልበርትን። እሷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ የሚስቱን የሮዜታን ፀጉር ትተኩሳለች፤ እሱ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ቢሮዬ በሚላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዟል። ማክሰኞ ጠዋት ነው። የብረት ማበጠሪያው ምድጃው ላይ ግሏል፣ የፀጉር ቅባቱ ይሸታል፣ ሮዜታ ጆሮዋን በእጇ አጥፋ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። «አስራ ሁለተኛ መንገድ… አሃ፣ አወቅኩት» አለ ዴልበርት። «በጣም አዝናለሁ እመቤቴ፣ ቤቱ ትላንት ተይዟል። እግዚአብሔር የተሻለ ይስጥዎት።» ስልኩን ዘጋ። ኤርላይን ነገሩን ልብ አላለችውም ነበር፤ የተከራየ ቤት ተከራይቷል፣ አለቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያው ትሁት ድምፅ፣ ያው ጥያቄ። «ሜፕል መንገድ? ጥሩ ሰፈር ነው። አዎ፣ ባዶ ነው። ሁለት መኝታ፣ በወር ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዶላር፣ ማሞቂያውን ጨምሮ። ከሰዓት ብቅ ይበሉና ይዩት።»

በእኛ ከተማ የሰው መልክ በስልክ አይታይም፤ መንገዱ ግን ይታያል። ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ ወደ ወንዙ ያሉት መንገዶች በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ እዚያ የምንኖረው ጥቁሮች ነን። ከሐዲዱ በላይ ያሉት የዛፍ ስም አላቸው፤ እነሱ የነጮቹ ናቸው። ይህን ማንም ሕግ አድርጎ አላወጀውም፣ ማንም ግን አይስተውም። ዴልበርት የሚያስተዳድረው ሕንፃ ያለው ኤልም መንገድ ላይ ነው፣ ከሐዲዱ በላይ። እሱና ኤርላይን የተወለዱት አስራ ሁለተኛ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቤት ባዶ መሆኑን ደግሞ ኤርላይን በደንብ ታውቃለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ተቀምጦ ሲዘምር የዴልበርት እጅ ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር፣ እሷም «ተከራይ እስኪገባ መስኮቱን ክፈተው» ብላ መክራዋለች።

«ጆሮዬን!» አለች ሮዜታ። ኤርላይን ማበጠሪያውን ደንግጣ አነሳች። ምንም አልተቃጠለም፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የነካት። ይቅርታ አለቻት፤ ማበጠሪያውን ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ከዚያ ደግማ ጠረገች። ዴልበርት ሲኒውን ይዞ ብቅ አለ። ሁለቱን ሴቶች አየ። ኤርላይን ዓይን ዓይኑን አየችው፣ ሮዜታ መሬት መሬቱን። «የበቆሎ ዳቦ ተርፏል?» አለ።  ራሱ ሳህኑን ገልጦ ቆረሰና ቁልፎቹን እያንቃጨለ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፣ ለሜፕል መንገዱ ሰው ቤቱን ሊያናፍስ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ኤርላይን ፕሩት የከተማው የሰብዓዊ መብትና የዘር እኩልነት ኮሚሽን አባል ናት። ከንቲባው የሾሟቸው ሰዎች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም፤ በወር አንዴ ማዘጋጃ ቤት ተሰብስበው ቀዝቃዛ ሳንድዊች እየበሉ የሰው አቤቱታ ይሰማሉ። ሰፈራችን ውስጥ «የሳንድዊች ኮሚሽን» ብለን እናሾፍባቸዋለን፤ ተበደልን ስንል ግን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እነሱ ነው። የዛሬ ማታው ጉዳይ ካሚራ ቦይኪን የምትባል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ በዚሁ በኤልም መንገድ ሕንፃ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ ነው፤ ጥቁር በመሆኔ ቤት ተከለከልኩ ነው ያለችው። ኮሚሽኑ አጣርቷል። የሕንፃው ኃላፊ ቤቱ አስቀድሞ ተይዞ እንደነበር ቃሉን ሰጥቷል፤ ኃላፊው ደግሞ ራሱ ጥቁር ነው። ይህን ሲሰማ እፎይ ያላለ የኮሚሽን አባል አልነበረም፣ ኤርላይንም ጭምር። ዴልበርት የገዛ ሰዎቹን? እንዴት ተደርጎ! ዛሬ ማታ ጉዳዩ ማስረጃ የለውም ተብሎ ሊዘጋ ነው፤ እሷም የዘመድ ነገር ስለሆነ ከስብሰባው ራሷን አግልላ ልትወጣ ተዘጋጅታለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

«እንዲህ ማድረግ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለች ኤርላይን በመጨረሻ።

ሮዜታ ዓይኗን አልገለጠችም። «ያንን ግማሹን ተኩሺልኝ መጀመሪያ። ግማሽ ጎፈሬ ሆኜ ልቀር ነው?»

«ሮዜታ!»

«እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ፣ እኔን ጠይቂኝ እንጂ። ሮዜታ፣ የት ትተኛለሽ በይኝ።»

 ይህች ምድር ቤት ያለች ቤት የዴልበርት ደመወዝ አካል ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሮዜታ ኩላሊቷ ደክሟል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የምታደርግበት ክሊኒክ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው፣ በምርኩዟ ተደግፋ መንገዱን ተሻግራ ትገባለች። ደረጃ መውጣት አትችልም። የኤርላይን ቤት ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ መታጠቢያውም መኝታውም ላይ ነው፣ ታች ያለችው ሳሎን ውስጥ ከባሏ የተፋታችው ልጇ ከነልጆቿ ትተኛለች። ኤርላይን ይህን ሁሉ በልቧ አወጣች አወረደች፣ ማበጠሪያውን አጋለችና የቀረውን ፀጉር ቀስ እያለች ተኮሰችላት።  ስትወጣ ሮዜታ መስታወት እንኳ አላየችም፤ «አምሮብኛል?» ብላ ጠየቀቻት፣ ኤርላይንም «አምሮብሻል» አለቻት፣ እውነቷን ነው።

ከዚያ ቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሚስተር ኦስተርማን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ነጭ፣ ደግ፣ ሁልጊዜ ካልሲያቸው ከሸሚዛቸው ጋር የሚሄድ። ቢሯቸው ውስጥ ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ስለ ልጅ ልጆቿ ጠየቋት፣ ስለ እንቁላል ዋጋ አማረሩላት፣ ስለ ወንዙ መሙላት አወሩላት። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሰማ ቆየችና፣ «ሚስተር ኦስተርማን፣ አንድ የኮሚሽን አባል ዘመዱ ስላለበት ጉዳይ አንድ ነገር በጆሮው ቢሰማስ?» አለቻቸው። ሰውየው መዳፋቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ የሚመጣ መኪና እንደሚያስቆም ሰው ሆኑ። «አይንገሩኝ» አሉ። «እባክዎ አይንገሩኝ ወይዘሮ ፕሩት። ከነገሩኝ እኔም መውጣቴ ነው። መርማሪያችን ፈልጎ አጣ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነው። ማታ ጉዳዩ ሲጠራ ይነሳሉ፣ ራሴን አግልያለሁ ይላሉ፣ ኮሪደር ላይ ይቆያሉ። ደንቡ ይሄ ነው፤ ንፁህ ነው።» ኤርላይን አመስግናቸው ወጣች። ንፁህ የሚለው ቃል አናደዳት። ደንቡ ዝም እንድትል በር ከፍቶላታል፤ ያውም በክብር፣ ያውም በጨዋነት፣ በሩን ደግሞ ቀስ ብላ እንድትዘጋው ብቻ ነው የሚለምናት። አምላኬ፣ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለምን ይከብደኛል አለች መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፤ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች።

ቤቷ ስትደርስ ዴልበርት የግቢዋን ሣር እያጨደ ነበር። የሚያጭድላት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቅዳሜ አስታጉሎ አያውቅም፣ አንድም ቀን ግን በማክሰኞ መጥቶ አያውቅም። ሣሩ ገና ከመሬት አልተነሳም፤ ማሽኑ የሚያጭደው ነገር አጥቶ አቧራ ያስነሳል። ኤርላይን በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እሱ ከአጥር እስከ አጥር ሄደ፣ ተመለሰ፣ የታጨደውን ደግሞ አጨደ። የጎረቤቷ ውሻ ጮኾ ጮኾ ሰለቸው። ወንድሟ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመላለስ አየችው፤ ይህን ሰው በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ እናታቸው የነጮች ቤት ስታጸዳ ውላ እስክትመጣ ድረስ የሚያለቅሰው በእሷ ትከሻ ላይ ነበር። በመጨረሻ ማሽኑን አጠፋና መጥቶ ፊቷ ቆመ፣ አልተቀመጠም።

«ሰምተሻል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሃልቨርሰን ነው እንዲህ በል ያለኝ። ባለሕንፃው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ እንቢ ብል አንዱን ነጭ ይቀጥራል፤ እሱ በሩን ፊታቸው ላይ ነው የሚወረውረው። እኔ ቢያንስ በሰላም እሸኛቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት እላለሁ።»

«እግዚአብሔርን እዚህ ውስጥ ምን አስገባኸው? በሩን ስትዘጋ በራስህ ስም ዝጋ!»

«ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን አስተማሪ ማን አስገባት? ጥቁር አይደለችም?»

«አንድ ሰው፣ ለታይታ።»

ዴልበርት ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። «እታለም» አላት፤ እንዲህ የሚላት ሲጨንቀው ነው። «ማታ ጉዳዩ ሲጠራ ተነሺና ውጪ። ሌላ ነገር አልለምንሽም። ዋሺልኝ አላልኩሽም። ተነሺ፣ ውጪ፣ ደንቡ ራሱ ውጪ ይልሻል። ሮዜታን ታውቂያታለሽ፤ ከዚያ ቤት ከወጣች ክረምቱን አታልፍም።» ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን ኤርላይን ታውቃለች። ማሽኑን እየገፋ ወደ ጓሮ ወሰደው፤ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሸራውን አልብሶ ነው የሄደው፣ እንደ ቅዳሜው።

ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ እንደወትሮው ባዶ ባዶ ነበር። የኮሚሽኑ አባላት ከፍ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ታች በአዳራሹ መሐል ሕዝብ የሚናገርበት ማይክራፎን ቆሟል። እዚያ የሚቆም ሁሉ መጀመሪያ ስሙንና አድራሻውን ያስመዘግባል፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከንቲባም ቢሆን ይኸው ነው። ኤርላይን ሳንድዊቹን አልነካችም። ፊት ለፊት የሃልቨርሰን ጠበቃ ተቀምጧል፣ ክራቫቱን አሳምሮ አስሮ፣ ነገሩ በግማሽ ሰዓት አልቆ ለራቱ እንደሚደርስ ያወቀ ሰው። እሱ ራሱ ሃልቨርሰን አልመጣም። ካሚራ ቦይኪን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጥግ ላይ ናት። በመጨረሻው ረድፍ ዴልበርት የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ ሮዜታ። ሮዜታ ስብሰባ የሚባል ነገር መጥታ አታውቅም። ኤርላይን ወዲያው ገባት፤ ወንድሟ ሚስቱን ያመጣት እሷ እንድታያት ነው። አየቻት። በወንድሟ ተናደደች፣ እንዲህ ያደርጋል ብላ አስባ አታውቅም።

ካሚራ ስሟንና አስራ አራተኛ መንገድ የሚለውን አድራሻዋን ተናገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ አልሰማ ብሎ ጸሐፊዋ ወደ ማይክራፎኑ እንድትጠጋ አደረገቻት። «በስልክ ስደውል የምኖርበትን ጠየቁኝ፣ የመሥሪያ ቤቴን ሰፈር ነገርኳቸው» አለች። «የምኖርበትን ብናገር እንደማይሰጡኝ ጓደኞቼ ነግረውኛል። ነይ እዪው ተባልኩ። ስልክ ያነሱትን ሰውዬ ነጭ መስለውኝ ነበር። ሄጄ በሩን ሲከፍቱልኝ የእኛው ሰው ሆነው ሳገኛቸው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አባቴን ይመስላሉ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ቤቱ ተይዟል አሉኝ። በሰላም ነው ያሉኝ፣ አልሰደቡኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ራሴን ነው የተጠራጠርኩት። ሌላ ሰው ቢሆን በጮኽኩ ነበር።» ሦስት ደቂቃዋ ሳያልቅ ጨረሰች። ተመልሳ ስትቀመጥ ወደ ኋላ ዞራ ዴልበርትን አላየችውም፤ እሱ ግን ያያት ነበር።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጉዳዩን ለውሳኔ ጠሩ። ኤርላይን ተነሳች። «ራሴን አግልያለሁ» አለች፤ «የሕንፃው ኃላፊ ወንድሜ ነው።» ሚስተር ኦስተርማን እፎይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የስም ሰሌዳዋን ገልብጣ አስተኛችውና ከከፍታው ወረደች። የኮሪደሩ በር ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከዴልበርት ወንበር አጠገብ ነው። እዚያ ለመድረስ በማይክራፎኑ በኩል ማለፍ አለባት። ማይክራፎኑ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ከዚህ በኋላ ያለውን አስባበት እንደሆነ ብትጠይቋት አታውቀውም፤ ካሚራ «ራሴን ነው የተጠራጠርኩት» ያለችው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ነበር፣ እሱን ነው የምታስታውሰው።

«ወይዘሮ ፕሩት፣ ኮሪደሩ በዚያ በኩል ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«ከወንበሬ ወጥቻለሁ። አሁን እንደማንም ነዋሪ ነኝ። ኤርላይን ፕሩት፣ ዘጠነኛ መንገድ።»

ጠበቃው ተነሳ፤ አይቻልም አለ፣ ነውር ነው አለ። ሚስተር ኦስተርማን ደንቡን አገላበጡ፣ አጠገባቸው ያለውን የከተማውን የሕግ አማካሪ ጠየቁት፤ አማካሪው ትከሻውን ነቀነቀ፣ የሚከለክል ነገር አላገኘም። ሦስት ደቂቃ ተሰጣት። ኤርላይን ሁሉንም ተናገረች፤ ሁለቱን ስልክ፣ ሁለቱን መንገድ፣ ባዶውን ቤት። ወንድሟን በስሙ ጠራችው። ወደ ኋላ ለመዞር ግን ድፍረት አላገኘችም።

«በግድግዳ ማዶ!» አለ ጠበቃው፣ እየሳቀ ማለት ይቻላል። «ደዋዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት ወንድምና እህት ተጣልተው ይሆናል፣ በየቤቱ ያለ ነው። ሌላ የሰማ ሰው አለ?»

«ሌላ ሰው ነበር እዚያ፣ ወይዘሮ ፕሩት?» አሉ ሰብሳቢው።

 ወንድሟን ሰጥታለች፤ ሮዜታን ግን ከአፏ አታወጣም። እስከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አልችልም አለች በልቧ። ሰብሳቢው ጠበቁ፤ ጠበቃው ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። ካሚራ አንገቷን ደፋች። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፣ ከዚያ የምርኩዝ ድምፅ። ዴልበርት ሚስቱን በክንዷ ይዞ በመተላለፊያው እያመጣት ነበር። ብቻዋን እንዲህ ያለ መንገድ መሄድ አትችልም፤ እሱ ካልወደደ እዚህ አትደርስም። ሊያስክዳት ነው ብላ አሰበች ኤርላይን። ከማይክራፎኑ ገለል አለችላቸው። ዴልበርት እህቱን አላያትም። ማይክራፎኑን ለሚስቱ ቁመት ዝቅ አድርጎ አስተካከለው፣ ምርኩዟን ተቀበላት፣ ከጎኗ ቆመ።

«ስምና አድራሻ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ሮዜታ ቲብስ። ኤልም መንገድ፣ ቁጥር አርባ፣ ምድር ቤት» አለች ሮዜታ። ቀጥላም፣ «አድራሻዬ እስከ ዛሬ ነው እሱ» አለች። «እህቴ ያለችው እውነት ነው። ሁለታችንም ሰምተናል። እኔማ ከዛሬ በፊትም ስሰማ ነው የኖርኩት።» ወደ ካሚራ ዞረች፤ ለመዞር የባሏን ክንድ መያዝ ነበረባት። «ልጄ፣ አንቺ የመጣሽ ቀንም ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር።»

 ጠበቃው ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። ሚስተር ኦስተርማን መነጽራቸውን አወለቁ። «እና እርስዎ ጌታዬ?» አሉ። «እርስዎም የሚሉት አለ?»

ዴልበርት ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለ። ዘንጉ ዝቅ ያለው ለሚስቱ ስለነበር በጣም ነው የጎነበሰው።

«ዴልበርት ቲብስ» አለ። «ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።»